«የጎበዝ አናጢ መጋዝ» የሚባል የለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በሙያ ዓምድ ላይ በአሜሪካ ስለሚሠራባቸው የአናጢነት መሣሪያዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በዚህ አገር በመዶሻና በመጋዝ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን የሙያ መረጃ በአማርኛ ማቅረባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው በምዕራቡና በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል አናጢዎች መካከል ስላለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ምርጫ ልዩነት (የምዕራቦቹ ወርም ድራይቭ፣ የምሥራቆቹ ሳይድዋይንደር የሚባለውን ይመርጣሉ) የሰጡት ማብራሪያ ከፊሉ የተሳሳተ፣ ከፊሉም የጎደለ ነው። በተለይ «ጎበዝ አናጢ የሚይዘው ወርም ድራይቭ ነው፤ አዲስ ጀማሪም ከመጀመሪያው እሱን ይግዛ» በማለት የደመደሙበት ምክር ሰውን ያለ አግባብ ገንዘብ ሊያስወጣ፣ ከዚያም አልፎ ጣት ሊያሳጣ የሚችል በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል እስከ ታኮማ ባሉ የቤት ግንባታዎች ላይ 11 ዓመት፣ ከዚያም ወደ ሜሪላንድ ከተዛወርኩ ወዲህ 6 ዓመት የእንጨት ቤት አጽም ሳቆም ኖሬአለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት መጋዝ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን በትከሻዬም አውቃቸዋለሁ።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ከመሠረቱ ልጀምር። በአሜሪካ ቤት ግንባታ ላይ የሚሠራበት የእጅ ሰርኩላር መጋዝ በአብዛኛው 7¼ ኢንች ስፋት ያለው ዲስክ የሚይዝ ሲሆን፣ አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። ሳይድዋይንደር በሚባለው ሞተሩ ከዲስኩ ጎን አግድም ይቀመጥና ኃይሉን በአጭር መንገድ፣ በተራ ጥርሳም ጎማ፣ ለዲስኩ ያስተላልፋል። መጋዙም አጭር፣ ከጎኑ ወጣ ያለ፣ ቀለል ያለ ነው። ወርም ድራይቭ በሚባለው ደግሞ ሞተሩ ከዲስኩ ጎን ለጎን ወደ ኋላ ይዘረጋል። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን ተጠማዝዞ የተቀረጸ ነው፤ ያ ጥምዝ ከነሐስ የተሠራ ጥርሳም ጎማ እየነዳ ኃይሉን በ90 ዲግሪ አጥፎ ለዲስኩ ያቀብላል። ፈረንጆቹ ጥምዙን ከትል ጋር አመሳስለው «ወርም» አሉት፤ የመጋዙም ስም ከዚያ መጣ። ጥርሶቹ በዘይት ተነክረው ስለሚሠሩ መጋዙ እንደ መኪና የዘይት ቡሽ አለው። ወደዚህ ቡሽ በኋላ እመለሳለሁ፤ ጽሑፉ አንድም ቃል አላነሳውምና።

ወርም ድራይቩ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,300 ዙር ገደማ ሲሽከረከር፣ ብዙዎቹ ሳይድዋይንደሮች ወደ 5,800 ይደርሳሉ። የመጀመሪያው ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበት ያገኛል፤ እርጥብ እንጨት ዲስኩን ሲይዘው ቶሎ አይቆምም። በአንጻሩ ክብደቱ ብዙ ነው፤ የተለመደው ሞዴል ወደ 6 ኪሎ ግራም ሲጠጋ ሳይድዋይንደሩ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። ሌላው ዋና ልዩነት የዲስኩ ቦታ ነው። በወርም ድራይቩ ዲስኩ ከሞተሩ በስተግራ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ሳይድዋይንደሮች ግን በስተቀኝ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የምዕራብና የምሥራቅ ክርክር ሁሉ ከኃይሉ ይልቅ በዚህ በግራና በቀኝ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ ልምጣ። ጸሐፊው ወርም ድራይቭን «የካሊፎርኒያ ልጅ» ብለውታል። ይህ ትክክል አይደለም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኤድመንድ ሚሼል የተባለ ሰው በሉዊዚያና ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ፣ ሠራተኞች ሸንኮራ አገዳ በከባድ ቆንጨራ ሲቆርጡ ሲደክሙ አይቶ ቆንጨራውን በሞተር ለማንቀሳቀስ ሞከረ፤ ከዚያ ሙከራ የእንጨት መጋዙ ተወለደ። የሚኒያፖሊሱ ጆሴፍ ሱሊቫን ስለ ፈጠራው በጋዜጣ አንብቦ ፈልጎ አገኘውና በ1924 አብረው ኩባንያ አቋቋሙ፤ ይህ ኩባንያ ኋላ ቺካጎ ላይ ስኪልሶ ተብሎ የታወቀው ነው። አንድ መሣሪያ በጋዜጣ ወሬ ምክንያት ለወግ መብቃቱ እናንተንም ደስ ሳያሰኛችሁ አይቀርም። ዛሬም ድረስ በምዕራቡ ሳይት ሁሉ የሚታየው ሞዴል 77 የወጣው በ1937 ነው። እንግዲህ የምዕራቡ መጋዝ የተባለው በደቡብ ተወልዶ በመካከለኛው ምዕራብ ያደገ ነው። ሳይድዋይንደሩ ግን በእርግጥ የምሥራቅ ነው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሲራኪዩስ ላይ፣ በፖርተር ኬብል ኩባንያ ይሠራ የነበረው አርት ኢመንስ ነው ያወጣው። ስለዚህ የትውልድ ቦታ ምሥራቁን ቢያስረዳ እንኳ ምዕራቡን አያስረዳም።

ሁለተኛው ስሕተት የእንጨት ጥንካሬ ነው። ጸሐፊው «በምዕራብ የሚሠራበት ዳግላስ ፈር ጠንካራ ስለሆነ ኃይለኛ መጋዝ ያስፈልገዋል፤ የምሥራቁ እንጨት ግን ለስላሳ ነው» ብለዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የእንጨት ግንባታ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ የዳግላስ ፈር አንጻራዊ እፍጋት 0.50 ተብሎ ተመዝግቧል። በሰሜን ምሥራቅ በብዛት የሚሠራበት የስፕሩስ፣ የፓይንና የፈር ድብልቅ 0.42 ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ይመስላሉ። ነገር ግን ከቨርጂኒያ ወደ ደቡብ እስከ ጆርጂያ ድረስ የሚሠራበት የደቡብ ቢጫ ፓይን 0.55 ነው፤ ከዳግላስ ፈር ይከብዳል፣ ሙጫውም ዲስክ ላይ እንደ ቅጥራን ይጣበቃል። በዚያ አገር የሚሠሩት አናጢዎች ግን በአብዛኛው ሳይድዋይንደር ነው የሚይዙት። ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ፣ ወርም ድራይቭ በመጀመሪያ ሥር መስደድ የነበረበት በደቡብ ነበር።

ከእንጨቱ ጋር በተያያዘ ውኃ የሚያነሣ ምክንያት ካለ ጥንካሬው ሳይሆን እርጥበቱ ነው። በምዕራቡ ጠረፍ ለረጅም ዘመን ሞራሌ ይመጣ የነበረው ሳይደርቅ ነው። በእንጨቱ ላይ የሚታተመው ምልክት ራሱ ሲላግ እርጥብ እንደነበረ ይናገራል፤ የእርጥበቱ መጠን ከ19 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው። በሲያትል ዝናብ ውስጥ ያደረ እንዲህ ያለ ሞራሌ ሲቆረጥ ሰጋቱራው አይበንም፤ እንደ ጭቃ እየተጋገረ የመጋዙን መከላከያ ውስጥ ይሞላዋል። እንጨቱም በቁርጡ ላይ ይገጥምና ዲስኩን ይነክሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀላሉ መጋዝ ያቃስታል፤ ወርም ድራይቩ ግን ዝግ ብሎ ያልፋል። በምሥራቅ በምድጃ የደረቀ እንጨት የተለመደ ስለሆነ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። ጸሐፊው «ጠንካራ» በማለት ፋንታ «እርጥብ» ቢሉ ኖሮ ግማሽ መንገድ አብሬአቸው እሄድ ነበር።

የቀረው ግማሽ ግን እንጨቱን የምንይዝበት መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት ራሴ ያየሁትን ልንገር።

በሲያትል አካባቢ በሠራሁበት ቡድን መቁረጫ መደገፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሞራሌው በመኪና መጥቶ ወለሉ ላይ ይራገፋል፤ ቆራጩ ወደ ክምሩ ሄዶ አንዱን አንሥቶ የጣውላውን ጫፍ በቦት ጫማው አፍንጫ ላይ ያሳርፋል፣ ሌላውን ጫፍ መሬት ያስነካዋል፣ በግራ እጁ ደግፎ መጋዙን ከላይ ያሳርፍና ማስነሻውን ይጫናል። አይገፋውም፤ የመጋዙ ክብደት ራሱ ዲስኩን ይዞት ይወርዳል፣ የሰውየው እጅ መምራት ብቻ ነው። ዲስኩ በስተግራ ስለሆነ ቀኝ እጀኛው ሰው የእርሳሱን መሥመር ከላይ ሆኖ ያየዋል። ስኳድራ እንኳ ሳያነሣ በዓይኑ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። (እንዲህ ቁረጡ ማለቴ አይደለም፤ የእግር ጣት ከዲስክ በታች የሚያድርበት ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ።) ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ ደግሞ የመጋዙ ርዝመት ለክንድ ተጨማሪ ስንዝር ይሰጣል፤ ወለሉ ላይ በተዘረጋ 4 በ8 ጫማ ኮምፔንሳቶ ላይ ሳይንበረከኩ እስከ መካከሉ ድረስ መድረስ ይቻላል።

ወደ ሜሪላንድ ስመጣ ይህንኑ መጋዝ ይዤ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ተራ በተራ አንሥተው ክብደቱን እየሞከሩ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሥራው ሲጀመር ግን የምስቅበት ምክንያት አልነበረኝም። እዚህ ቡድኑ የሚቆርጠው ሁለት ባለ እግር መደገፊያ አቁሞ፣ ጣውላውን አጋድሞ፣ በቀኝ በኩል የሚወጣው ቁራጭ በራሱ እንዲወድቅ አድርጎ ነው። በሳይድዋይንደሩ የመጋዙ ሰፊ መቀመጫ ከዲስኩ በስተግራ፣ ማለትም በሚቀረው ጣውላ ላይ ያርፋል። በእኔ መጋዝ ግን መቀመጫው ያረፈው በሚወድቀው ቁራጭ ላይ ነበር። ለደረጃ የተዘጋጀ ረጅም ጣውላ ስቆርጥ የመጨረሻው ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ቁራጩ ወረደ፣ መጋዙም አብሮት ዘመመ፣ የጣውላው ጠርዝ እስከ ስንዝር ተሰንጥቆ ተነሣ። ፎርማኑ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ አልተቆጡም። መጋዙን ከእጄ ተቀብለው ጣውላው ላይ አስቀመጡና «ይኸውልህ፣ መጋዝህ የሚቆመው ሊወድቅ ባለው ነገር ላይ ነው» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በሜሪላንድ ሥራው ራሱም ይለያል። ባዶ ሜዳ ላይ ከሚቆም አዲስ ቤት ይልቅ የቆየ ቤት ማስፋትና ማደስ ይበዛል፤ መሰላል ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ወራጅ ጨብጦ፣ በሌላው መቁረጥ ይበዛል። እንዲህ ባለ ቦታ 6 ኪሎ የሚመዝን መጋዝ በጎን አዙሮ መያዝ ጉብዝና አይደለም፣ እብደት ነው። በአንጻሩ ወለል ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ለሚቆርጥ ሰው ክብደቱ ረዳቱ ነው። ምርጫውን የሚወስነው ስበት ከሰውየው ጋር ነው ወይስ በሰውየው ላይ የሚለው ነው።

ይህ ልዩነት እንዴት ሥር ሰደደ የሚለውን ጸሐፊው «ከጦርነቱ በኋላ በካሊፎርኒያ ቤቶች በጅምላ ስለተሠሩ» በሚል አልፈውታል። በእርግጥ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ሌክዉድ ከ1950 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 17,500 ያህል ቤቶች ተሠርተውባታል። ነገር ግን በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ የቆመችው ሌቪታውንም ከ1947 እስከ 1951 ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ቤቶች የተሠሩባት የጅምላ ከተማ ናት። እንዲያውም ለሌቪታውን የሚሆነው እንጨት በካሊፎርኒያ፣ ብሉ ሌክ በተባለ ቦታ፣ ተለክቶና ተቆርጦ ይላክ ነበር። ስለዚህ የቤት ብዛት ብቻውን አያስረዳም። እኔ የማየው ምክንያት ከዚህ ያነሰና የቀለለ ነው፤ ሰው የሚቆርጠው ያስተማረው ፎርማን በቆረጠበት መጋዝ ነው። ረዳት ሆኜ ስገባ የተሰጠኝ መጋዝ ወርም ድራይቭ ነበር፣ ሰውነቴ ያንን ለመደ። ሱቁም የሚደረድረው የሚሸጥለትን ነው፣ ጠጋኙም የሚያከማቸው የሚመጣለትን መለዋወጫ ነው። እንዲህ ሆኖ የሮኪ ተራሮች በአናጢዎች ዘንድ እንደ ድንበር ይቆጠራሉ፤ ድንበሩ ግን በሰው ልማድ እንጂ በተፈጥሮ የተሠመረ አይደለም።

ወደ ዘይቱ ቡሽ ልመለስ። ወርም ድራይቭ የሚገዛ ሰው ዘይቱን በየጊዜው ማየት፣ ሲጎድል መሙላት፣ ሲያረጅ መቀየር አለበት፤ ለዚህ ጥርስ ተብሎ የተዘጋጀው ወፍራም ዘይት እንጂ እጅ ላይ የተገኘው የመኪና ዘይት አይደለም የሚገባው። በክረምት ማለዳ ዘይቱ ይወፍርና መጋዙ ሲነሣ ይጎተታል፤ ጥቂት ባዶውን አዙሮ ማሞቅ ያስፈልጋል። ማተሚያ ጎማው ሲያረጅ ደግሞ ያንጠባጥባል። እኔ ራሴ ይህን ችላ ብዬ፣ ቀለም ሳይቀባ በተፈጥሮ መልኩ ሊተው በታሰበ የበረንዳ ጣውላ ላይ መጋዜን አሳርፌ ምሳ በላሁ። ስመለስ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ጠበቀኝ። በአሸዋ ወረቀት ብፍቀው፣ ብፍቀው አልለቀቀም፤ ጣውላውን ከኪሴ ተካሁ። በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ጥርስ ጥብቅ አድርገው ዘግተው የሚሠሩ ኩባንያዎችም አሉ፤ ማኪታ ሃይፖይድ የሚለውን ጥርስ የሚጠቀመው መጋዝ አንዱ ነው፤ ቅርጹ እንደ ወርም ድራይቭ ሆኖ የዘይት ጣጣው አነስተኛ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ሌላው ጉዳይ የታችኛው መከላከያ ነው። ኦሻ በሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የግንባታ ደንብ ቁጥር 1926.304 መሠረት የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ከመቀመጫው በላይና በታች መከላከያ ሊኖረው፣ የታችኛውም መጋዙ ከእንጨቱ ሲወጣ ወዲያው በራሱ ሊመለስ ይገባል። ነገር ግን በምዕራብም በምሥራቅም ለፍጥነት ሲባል መከላከያውን በሽብልቅ ቀርቅረው ክፍት የሚተዉ ሰዎች አሉ። ከባዱ መጋዝ በዚህ ሁኔታ ከእግር አጠገብ ሲሠራበት የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል፤ ማስነሻው ከተለቀቀ በኋላም ዲስኩ ለጥቂት ሰከንዶች ይሽከረከራልና። ለጀማሪ «ይህን መጋዝ ግዛ» ብሎ ይህን አለመናገር ተገቢ አይመስለኝም።

ባትሪ የሚጎርሱ መጋዞች ከመጡ ወዲህ ነገሩ እየተደባለቀ ነው። መያዣቸው ወደ ኋላ የሆነ፣ ዲስካቸው በስተግራ የሆነ፣ ክብደታቸው ግን የቀነሰ መጋዞች አሁን በምሥራቅ ሳይቶችም ይታያሉ፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሲከፈት ወርም የሚባል ጥምዝ ጭራሽ የላቸውም። ወጣቶቹ የወደዱት እንግዲህ የመጋዙን ቅርጽ እንጂ ጥርሱን አልነበረም ማለት ነው፤ ይህም ከላይ ስለ ግራና ቀኝ ያልሁትን የሚያጠናክር ይመስለኛል።

በመጨረሻም የማቀርበው ጥያቄ፣ በሚቀጥለው እትም የመጋዙ የትውልድ ቦታና የእንጨቱ ጉዳይ እንዲታረም፣ ለጀማሪዎች የተሰጠው ምክርም እንዲስተካከል ነው። ጀማሪው ከመግዛቱ በፊት በሚገባበት ቡድን ሁለት ቀን ረዳት ሆኖ ይዋል፤ እንጨቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁራጩ በየት በኩል እንደሚወድቅ ይይ። የትኛው እጁ እንደሚቀናውም ያስብበት። አሁን አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ግራ እጀኛ ነው። የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ ወርም ድራይቭ ሊገዛ ገንዘብ አዘጋጅቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት የእኔን ሰጠሁትና በግራ እጁ ይዞ አንድ የ2 በ4 ሞራሌ እንዲቆርጥ አደረግሁት፤ መሥመሩን ለማየት በሞተሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ተንጠራራ፣ ሰጋቱራው ፊቱን መታው፣ ቁርጡም ጠማማ ወጣ። ከዚያ ዲስኩ በስተቀኝ የሆነውን ተራውን ሳይድዋይንደር ሰጠሁት። መሥመሩ ፊት ለፊቱ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ አናጢ
ከሜሪላንድ